በየትኛው ሰዓት? ስለ ከርነል መከታተያችን የቀረበ ሐሳብ

አንድ ጓደኛችን «ነገ በሦስት ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ እንገናኝ» ቢለን፣ ነገሩ ከጧቱ ሦስት ሰዓት መሆኑን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻንም። ያው «ሦስት ሰዓት» በአውሮፕላን ቲኬት ላይ ተጽፎ ብናገኘው ግን ቆም ብለን «በሀበሻ ነው ወይስ በፈረንጅ?» እንላለን። ይህን የሚጠይቅ ሰው ጨቅጫቃ አይባልም። ሳይጠይቅ ሄዶ አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ግን ለጓደኞቹ መሳቂያ ይሆናል።

ለዓመትም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 ብለን አዲሱን ሺህ ዓመት ስንቀበል፣ የፈረንጁ አቆጣጠር ያንኑ ዕለት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ይለው ነበር። ዕለቱ አንድ ነው፤ ቁጥሩ ግን ሁለት ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ዓመት ሲቆጥሩ በዓመተ ዓለም፣ በዓመተ ሰማዕታት ወይም በዓመተ ምሕረት መሆኑን ሳይናገሩ አያልፉም። እኛም ዛሬ ከአኃዙ ቀጥለን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለን የምንጽፈው ለጌጥ አይደለም፤ የመቁጠሪያው ስም ከጎኑ ያልቆመ ቁጥር ምስክርነቱ ጎዶሎ ስለሆነ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ከእንግዲህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንለምናለን።)

እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከእናት ከአባቶቻችን የወረስን ተማሪዎች ሆነን ሳለ፣ በኮምፒዩተር ላቦራቶሪያችን በየሳምንቱ የምንሠራበት የከርነል መከታተያ መሣሪያ ግን ሰዓት ይጽፋል እንጂ የየትኛው ሰዓት እንደ ሆነ አይናገርም። ተጠቃሚውም በመረጠው ሰዓት እንዲጻፍለት አይፈቅድም። መሣሪያው ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ብለው የሠሩትና ለተከታዮቻቸው የተዉት ነው፤ ለድካማቸው ምስጋና ይገባቸዋል። አሁን «ሰዓት መምረጫ ይጨመርበት» የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ከተማሪውም ከመምህራኑም ወገን «ምን ያደርጋል?» የሚሉ ተነሥተዋል። እኛ ይጨመር ባዮች ነን። ምክንያታችንን በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ለመግለጽ የተነሣነውም፣ ነገሩ የፕሮግራም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአንድ ጓደኛችንን ስም ያጎደፈ ጉዳይ በመሆኑ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ውሃውን ከጥሩ እንዲሉ፣ የኮምፒዩተር ትምህርት የማይከታተሉ አንባቢዎቻችንም እንዲፈርዱን ከመሠረቱ እንጀምር።

ከርነል ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ፕሮግራሞች በተራቸው ፕሮሰሰሩን እንዲያገኙ፣ ፋይል እንዲነበብ፣ ከኔትዎርክ የመጣ መልእክት ለባለቤቱ እንዲደርስ የሚያደርገው እሱ ነው። በውስጡ የሚሆነውን በዓይን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ሊኑክስን የሚሠሩ ሰዎች በከርነሉ ውስጥ አንድ ጸሐፊ አስቀምጠዋል። ይህ ጸሐፊ ኤፍትሬስ ይባላል፤ ስቲቨን ሮስቴት የተባለው መሐንዲስ ያዘጋጀው ሲሆን፣ ከሊኑክስ ጋር የተዋሐደው በ2008 በወጣው 2.6.27 በተባለው እትም ነው። አንድ ድርጊት በተፈጸመ ቁጥር በየትኛው ፕሮሰሰር ላይ፣ በየትኛው ፕሮግራም ምክንያት፣ በስንት ሰዓት እንደ ተፈጸመ በማስታወሻው ያሰፍራል። የላቦራቶሪያችን መሣሪያ የሚያደርገው ይህ ጸሐፊ ያሰፈረውን ተቀብሎ ተማሪ ሊያነበው በሚችል መልክ ማቅረብ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቢኖር፣ ጸሐፊው ሰዓት የሚያይባቸው መቁጠሪያዎች አያሌ መሆናቸው ነው። ከርነሉ ስማቸውን «ትሬስ ክሎክ» በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ደርድሮ አስቀምጧል፤ በሥራ ላይ ያለውንም በቅንፍ ከብቦ ያሳያል። የሚፈልገውን ስም በዚሁ ፋይል ላይ የጻፈ ሰው ሰዓቱን ለወጠ ማለት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ማንም ሳይመርጥ የሚገኘው «ሎካል» የተባለው ነው። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የየራሱን ሰዓት ያያል። ፈጣን በመሆኑ የሚለካውን ሥራ እምብዛም አያውክም፤ ነገር ግን የአንዱ ፕሮሰሰር ሰዓት ከሌላው ላይስማማ ይችላል። በብዙ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ተስማምተው ይገኛሉ፤ ዋስትና ግን የለም። «ግሎባል» የተባለው ፕሮሰሰሮቹን ሁሉ ያስማማል፤ ስለ ስምምነቱም ከፍጥነቱ ጥቂት ይቀንሳል። «ሞኖ» የተባለው ፕሮግራሞች ራሳቸው ከከርነሉ ጠይቀው የሚያገኙት፣ ወደ ኋላ የማይመለስ ሰዓት ነው። ፍጥነቱም ከኔትዎርክ ከሚመጣው ትክክለኛ ሰዓት ጋር እየተመዛዘነ በየጊዜው ይታረማል። «ሞኖ ሮው» ያው ሆኖ እርማት የማይነካው ነው። «ቡት» ደግሞ ኮምፒዩተሩ ተኝቶ የቆየበትን ጊዜ ጭምር ይቆጥራል። ላፕቶፑን ከድኖ ምሳ በልቶ የተመለሰ ተማሪ፣ በ«ቡት» ቢለካ የምሳው ሰዓት ይቆጠርበታል፤ በ«ሞኖ» ቢለካ ግን ምሳውን እንዳልበላ ያህል ነው።

«ታይ» የሚባለው በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ሰዓት ይሄዳል። መላው ዓለም የሚጠቀምበት የወል ሰዓት ከምድር መዞር ጋር እንዲስማማ ተብሎ ከ1972 እስከ 2016 ድረስ 27 ጊዜ አንድ አንድ ሰከንድ ተጨምሮበታል፤ በዚህም የተነሣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ከአቶሚኩ ሰዓት 37 ሰከንድ ወደ ኋላ ይገኛል። በጁን 30 ቀን 2012 አንዲት ሰከንድ ስትጨመር በየአገሩ ብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ታውከው እንደ ነበር የሚታወቅ ነው። «ታይ» እንዲህ ያለ ጭማሪ አይነካውም።

በመጨረሻም «ካውንተር» የሚባል አለ። ይህ ሰዓት አይደለም፤ ድርጊት በተጻፈ ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ብቻ ይቆጥራል። «ሰዓት የማይናገር ሰዓት ምን ይሠራል?» የሚል ቢኖር፣ ሌስሊ ላምፖርት የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ በ1978 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ ያስረዳውን ማስታወስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገን ድርጊቱ በስንት ሰዓት ሆነ የሚለው ሳይሆን ከየትኛው ቀደመ፣ ከየትኛው ተከተለ የሚለው ነው። ለቅደም ተከተል ብቻ ለሚጨነቅ ሰው ተራ ቁጥር ከሰዓት ይበልጥበታል።

እንግዲህ መቁጠሪያው ይህን ያህል ብዙ ከሆነ፣ እያንዳንዱም ለየራሱ ጉዳይ ከተሠራ፣ መሣሪያችን አንዱን ብቻ ይዞ ስሙን ሳይናገር መኖሩ ምን እንዳስከተለ ወደ መናገሩ እንለፍ።

ባለፈው ዓመት አራት ሆነን አንድ የቡድን ሥራ ተሰጠን። ጥያቄው «ከኔትዎርክ የመጣ መልእክት ከርነሉ ዘንድ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ፕሮግራሙ እስኪያነበው ድረስ ምን ያህል ይቆያል?» የሚል ነበር። የመልእክቱን መድረስ ከመከታተያ መሣሪያችን ወሰድን። መነበቡን ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲመዘግብ ተስማማን፤ ይህንንም ክፍል ከአራታችን አንዱ ጻፈው። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አድርገን ስናነብ፣ ፕሮግራሙ መልእክቱን ያነበበው መልእክቱ ከመድረሱ በፊት ሆኖ ተገኘ። ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ተወለደ እንደ ማለት ነው።

ያን ጊዜ ያደረግነውን ስንጽፍ ኀፍረት ይሰማናል። መሣሪያው ስንት ዓመት የተሠራበት፣ በመምህራን የተፈቀደ ነው፤ የጓደኛችን ፕሮግራም ግን የትናንት ነው። ስለዚህ ሦስታችን ጥፋቱን በእሱ ላይ ጣልን። መጀመሪያ «ተሳስተሃል» አልነው። ፕሮግራሙን ደጋግሞ መርምሮ ስሕተት እንዳላገኘበት ሲነግረን፣ «ቁጥሩን ከራስህ አውጥተህ ነው የጻፍከው» እስከ ማለት ደረስን። በማግሥቱ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ልዩነቱ በብዙ አንሶ አገኘነው። ይህ ነጻ ሊያወጣው ሲገባ ይባስ ብሎ ጥርጣሬያችንን አጠነከረው፤ «ሌሊት አስተካክሎት ነው» አልን። ጓደኛችን ክፍሉን እንደ አዲስ ሲጽፍ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስሙን ከሪፖርቱ ላይ እናውጣ የሚል ሐሳብም በመካከላችን ተነሥቶ ነበር። በትምህርት ቤት ውስጥ ከስንፍና ይልቅ የሚከብድ ክስ ቢኖር ውሸት ቁጥር የመጻፍ ክስ መሆኑን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ እሱ ራሱ መጥቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀን። «የእኔ ፕሮግራም ሰዓት የሚያየው ከሞኖ ነው። እናንተ የምታምኑት መሣሪያስ የሚጽፈው በየትኛው ሰዓት ነው?» አለን። ከሦስታችን አንዳችንም መልስ አልነበረንም። መሣሪያውም መልስ አልነበረውም፤ ካወጣው ገጽ ሁሉ ላይ የሰዓቱን ስም ብንፈልግ አጣነው።

የመሣሪያውን ጽሑፍ ከፍተን ስናነብ በ«ሎካል» እንደሚሠራ ተረዳን። አሳሳቹ ነገር ይህ ነው፤ «ሎካል»ም «ሞኖ»ም ማሽኑ ከተነሣበት ጊዜ አካባቢ ጀምረው የሚቆጥሩ በመሆናቸው፣ ቁጥሮቻቸው ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ማሽኑ ሳይጠፋ 9 ቀን ቆይቶ ነበርና፣ ሁለቱም መዝገቦች 777,600 ሰከንድ ገደማ ይሉ ነበር። ልዩነቱ አንደኛው እየታረመ ሲሄድ ሌላው ሳይታረም መሄዱ ነው። ሁለት ሰዓቶች በአንድ ሚሊዮን ውስጥ 10 እጅ ብቻ ቢለያዩ በአንድ ቀን 864 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ። እኛ ግን እንለካ የነበረው 2 ሚሊሰከንድ የማይሞላ ነገር ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ደግሞ ሁለቱም እንደ አዲስ ስለሚጀምሩ መራራቁ ከትንሹ ይነሣል። በማግሥቱ ያየነው ለውጥ ምክንያቱ ይህ እንጂ የማንም ሰው የሌሊት ሥራ አልነበረም።

ስድስት ሰዓት የሚለያይ ሰዓት ራሱን ያጋልጣል፤ ሰው አይቶት «ይህስ በፈረንጅ ነው» ይላል። በጥቂቱ የሚለያይ ሰዓት ግን እውነተኛ መስሎ ሰው ያስወነጅላል።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላም መከራችን ወዲያው አላበቃም። ሰዓቱን በእጃችን ወደ «ሞኖ» ብንለውጠው፣ መሣሪያው በተነሣ ቁጥር ሁሉን ነገር ወደ ቀድሞው ስለሚመልስ «ሎካል» ያደርገዋል። መሣሪያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ብንለውጠው ደግሞ ከርነሉ እስከዚያ ድረስ የተጻፈውን ጠቅላላ አጠፋው፤ የአንድ ሌሊት መዝገብ በአንድ ቃል ሄደ። በዚህ ከርነሉን አንወቅሰውም። በሁለት ሰዓት የተቆጠሩ ድርጊቶች በአንድ ማስታወሻ ላይ ተቀላቅለው ሰው እንዳያሳስቱ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። እንዲያውም ከርነሉ የሚጠነቀቅለትን ነገር መሣሪያችን ችላ ማለቱን ያሳያል። በመጨረሻ የመሣሪያውን አንድ ቅጂ ወስደን አንዲት መስመር ለውጠን፣ በ«ሞኖ» አስነሥተን ለካን። መልእክት ሁሉ ከደረሰ በኋላ ተነበበ። ጓደኛችን የጻፈው ቁጥር ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን ቃል እንመለስ። የሚሉትን በቅንነት ለማቅረብ እንሞክራለን።

አንዳንዶች «ሎካል ፈጣን ነው፤ ለአብዛኛው ተማሪ ይበቃል» ይላሉ። እውነት ነው። አንድ ማሽን ላይ፣ በአንድ መዝገብ ብቻ፣ አንድ ሥራ ምን ያህል እንደ ፈጀ ለሚለካ ሰው ከዚያ የተሻለ ላያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ሳይመረጥ የሚገኘው «ሎካል» እንደ ሆነ ይቀጥል እንላለን። ነገር ግን ሁለት መዝገብ ለሚያመሳክር ሰው ፍጥነት ብቻውን ዋጋ የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛም ሦስት ሳምንት ስንለቅም ከርመናል።

ሌሎች ደግሞ «ምርጫ ሲበዛ ጀማሪውን ያደናግረዋል፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው» ይላሉ። ጀማሪ ካልፈለገው አይነካውም። ደግሞስ ምርጫው ዛሬ የሌለ ይመስላልን? ምርጫው አስቀድሞ ተደርጓል፤ ያደረገው ሰው ግን እኛን አልጠየቀም፣ ማድረጉንም አልነገረንም። ጀማሪን የሚጎዳው የሚታይ ምርጫ አይደለም፤ የተሰወረ ምርጫ ነው። ሰባት ስሞች አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መምህሩን የጠየቀ ጀማሪ፣ ስለ ኮምፒዩተር ሰዓት አንድ ትምህርት አገኘ ማለት ነው።

«የፈለገ በእጁ ፋይሉ ላይ ይጻፍ» የሚሉም አሉ። ለዚህ መልሱ ከላይ ተነግሯል፤ መሣሪያው የተጻፈውን ይሽረዋል፣ ዘግይቶ የጻፈም መዝገቡን ያጣል። ሰዓት የሚለወጥበት ትክክለኛ ጊዜ መሣሪያው ሁሉን አጽድቶ መመዝገብ ከመጀመሩ በፊት ያለችው ቅጽበት ናት። ያቺን ቅጽበት የሚያውቃት ደግሞ መሣሪያው ራሱ ነው።

ከሁሉ የከበደን ከአንድ መምህራችን የሰማነው ተቃውሞ ነው። «ተማሪ ሰዓት መምረጥ ከቻለ፣ የሚያምር ውጤት የሚሰጠውን ሰዓት መርጦ ያቀርባል» ብለውናል። ይህ ሊናቅ የሚገባው ስጋት አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቱ ምርጫውን መከልከል ሳይሆን ምርጫውን ማስመዝገብ ነው ብለን እናምናለን። የሰዓቱ ስም በመዝገቡ ራስጌ ላይ ከታተመ፣ መምህሩ «ለምን ይህን መረጥህ?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ተማሪውም መልስ ሊኖረው ይገባል። ዛሬ ግን መምህሩም የሚጠይቁት፣ ተማሪውም የሚመልሰው የለም። ስሙ ያልተጻፈ ሰዓት ላጭበርባሪ ይመቸው እንደ ሆነ እንጂ፣ ለእውነተኛው ሰው መከላከያ እንደማይሆነው በጓደኛችን ላይ አይተናል።

የምንጠይቀው ነገር አዲስ ወይም እንግዳ አለመሆኑንም መናገር ይገባናል። ለኤፍትሬስ አገልጋይ ሆኖ የተሠራው ትሬስ ሲኤምዲ የተባለው መሣሪያ ተጠቃሚው ሰዓቱን በስም እንዲያዝ ያስችለዋል። ፐርፍ የተባለውም ሌላው የሊኑክስ መለኪያ በ2015 በወጣው 4.1 በተባለው እትም ጊዜ ይህንኑ መምረጫ አግኝቷል። ያስፈለገበትም ምክንያት የእኛው ነው፤ ከርነሉ የጻፈውንና ፕሮግራሞች የጻፉትን በአንድ ሰዓት አስተያይቶ ለማንበብ።

ነገሩ የላቦራቶሪ ጨዋታ ነው ለሚልም አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በኦገስት 14 ቀን 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መብራት ጠፍቶ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ጨለማ ውስጥ ገባ። የሁለቱ መንግሥታት መርማሪዎች የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛው መሥመር ቀድሞ ተቋረጠ?» የሚል ነበር። በየኃይል ማመንጫውና በየማከፋፈያው መዝጋቢ መሣሪያ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን በአንድ ሰዓት የተስማሙ ስላልነበሩ፣ በሺህ የሚቆጠሩትን ድርጊቶች በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ መርማሪዎቹ እጅግ ደክመዋል። መዝጋቢዎች ሁሉ በተስማማ ሰዓት እንዲሠሩም በሪፖርታቸው አሳስበዋል። መዝገብ ሞልቶ ሳለ እውነቱን ለማግኘት የተቸገሩት የወል ሰዓት ስላልነበረ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥም፣ በአገር ላይ በተዘረጋ የመብራት መሥመርም፣ ማን ቀደመ ማን ተከተለ የሚለው ፍርድ ከሰዓቱ በላይ ሊታመን አይችልም። ከእኛም ውስጥ ነገ በመብራት ኃይል፣ በባንክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽን የሚሠሩ ይኖራሉ። «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ሰው በመዝገብ ይጠየቃል፣ በመዝገብም ይፈረድበታል። የመዝገቡን ሰዓት የመጠየቅ ልማድ በትምህርት ቤት ካልተማርነው የት እንማረዋለን?

ስለዚህ መሣሪያውን ለሚጠብቁ ተማሪዎችና ለላቦራቶሪው መምህራን የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መሣሪያው ሲነሣ የሰዓት ስም የሚቀበል አንድ አማራጭ ይጨመርለት። ስም ያልሰጠ ሰው እንደ ቀድሞው «ሎካል»ን ያገኛል፤ የማንም የቆየ ሥራ አይበላሽም።

ሁለተኛ፣ ስሞቹ ከርነሉ የሚጠራባቸው ስሞች ይሁኑ። የራሳችንን ስም ብናወጣ፣ እዚህ የተማረ ተማሪ ሌላ ቦታ ሲሄድ እንግዳ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የተሰጠው ስም ከርነሉ የማያውቀው ከሆነ፣ መሣሪያው በግልጽ ተናግሮ ሥራውን ያቁም። ስሙን አጣሁት ብሎ ዝም ብሎ ወደ «ሎካል» መመለስ፣ ከአሁኑ የባሰ ማሳሳት ነው።

አራተኛ፣ ሰዓቱ ከተለወጠ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ምንም አይመዝገብ። ሥራው ሲያልቅም፣ በዚያው ማሽን ላይ ተከትሎ የሚሠራ ተማሪ በማያውቀው ሰዓት እንዳይለካ፣ የነበረው ሰዓት ይመለስ።

አምስተኛ፣ ተጠቃሚው መረጠም አልመረጠም፣ የሰዓቱ ስም በእያንዳንዱ መዝገብ ራስጌ ላይ ይታተም። ከአምስቱ አንዱን ብቻ ትወስዳላችሁ ብንባል የምንወስደው ይህን ነው።

ስድስተኛው የመሣሪያ ጉዳይ ሳይሆን የእኛ የራሳችን ነው። በላቦራቶሪ ሪፖርት ላይ ጊዜ የተለካበት ቁጥር ሲቀርብ፣ የሰዓቱ ስም አብሮ እንዲጻፍ መምህራኖቻችን ያዝዙን። ሜትር ወይም ኪሎ ግራም ሳይል ቁጥር ብቻ የጻፈ ተማሪ ነጥብ እንደሚቀነስበት ሁሉ፣ ለዚህም ይቀነስበት።

የሚጨመረው ጽሑፍ ረጅም አይደለም። ቀደም ብሎ የተዘጋጀ ቅጂ ስላለ፣ መሣሪያውን ለሚጠብቁት ልናስረክብ ዝግጁ ነን። እንከን ካለበት ያርሙት፣ የተሻለ ካላቸው የእነሱ ይሁን፤ የእኛ ጥያቄ የማን ጽሑፍ ይግባ የሚል አይደለም።

የጓደኛችንን ስም እዚህ ላይ አላነሣንም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። ሦስት ሳምንት ያህል «ቁጥር ፈጣሪ» ሲሉት ለሰሙ ሁሉ ግን ክሱ ሐሰት እንደ ነበረ፣ ጥፋቱም የእኛ የሦስታችን እንደ ነበረ በዚህ ጽሑፍ በይፋ እናስታውቃለን። ሳንጠይቅ ፈርደናልና ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ አሁንም በአንባቢ ፊት ደግመን እንጠይቀዋለን። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት ብናሳየው፣ እስከ መጨረሻው አንብቦ «የእኔን ነገር ተዉት፤ ከመጪው ሴሚስተር በፊት መሣሪያውን አስተካክሉት» ብሎናል። እኛም ለማኅበራችን አባሎችና ለመምህራኖቻችን የምናስተላልፈው ይህንኑ ቃል ነው። የሚመጡት ተማሪዎች በእኛው መሣሪያ ይለካሉ። ከመካከላቸው አንዱ በጓደኛው ላይ ጣቱን ከመቀሰሩ በፊት፣ መዝገቡን ከፍቶ በየትኛው ሰዓት እንደ ተጻፈ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ሊያነብ ይችል ዘንድ ይገባል።